አባዬና የጎልፍ መኪናው ቀለም

የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ «ጋሼ፣ ይህን ነገር ደግመው ካሸተቱ እኔ ጋ ልምጣ ብለው አይድከሙ፤ አይደርሱም» ስትለው አባዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ የያዝኩት ዕቃ ከእጄ ያመልጠኛል። ሻይ ሲጠጣ አንገቱን አያለሁ፤ ጋደም ሲል ደረቱን አያለሁ። «ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ላትገዢኝ!» ይለኛል።

«ይህ ነገር» ያለችው ሃርድነር ነው። መኪና ቀቢዎች ቀለም ውስጥ የሚጨምሩት ፈሳሽ ሲሆን ቀለሙን እንደ ጥፍር ያጠነክረዋል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። እሱ በቀባው በር ላይ ሰው እያየ ጢሙን ይላጫል ስለሚባል ሰፈሩ «መስታወት» ይለዋል። ጭንብል ማድረግ ግን የፈሪ ሥራ ይመስለው ነበር። ቀለሙ በልኩ መበጥበጡን የሚያውቀው ጣሳው ላይ አጎንብሶ በአፍንጫው ነበር። አፍንጫው አንድም ቀን አላሳፈረውም፤ ሳንባው ግን ተቀየመው። አሁን ያ ሽታ ገና ውልብ ሲልበት ደረቱ ጥርቅም ይላል። ጋራዡን ትቶ ቤት ከዋለ ወዲህ የጎረቤት በርጩማ በውሃ ቀለም እየቀባ ብሩሹን ይራገማል።

እኔ የምሠራው ጎልፍ ሜዳ ነው። ተጫዋቾችንና ዱላዎቻቸውን በባትሪ በምትሄድ ትንሽ መኪና አመላልሳለሁ። አንድ ዓርብ አንድ ቦርጫም እንግዳ «እስቲ እኔ ልንዳት» ብሎ መሪውን ከእጄ ነጠቀና ከውሃ ማጠጫው ምሰሶ ጋር አሳሳማት። ኮፈኗ ተሰነጠቀ፤ ጎኗ እስከ ነጩ ድረስ ተፋቀ። ሰውዬው «ውይ» አለና ምሳውን ሊበላ ሄደ። የጎልፍ ሜዳው ጋራዥ ኃላፊ መጥቶ መኪናዋን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ሰኞ ጠዋት ውድድር አለ» አለኝ። «ሰኞ ጠዋት ይህች መኪና ከእህቶቿ ጋር ካልተሰለፈች አንቺም አትሰለፊም።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«መሪ ሰጠሽ።»

ያም ሆኖ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከመጋዘን አረንጓዴውን ቀለምና ሃርድነሩን አውጥቶ ሰጠኝ፣ መኪናዋንም ቤት ወስጄ እንዳሠራት ፈቀደ። የአባዬን የሚነፋ መድኃኒት የሚገዛው ይኸው ሥራ ነው። ሥራው ከሄደ መድኃኒቱም ይሄዳል፤ ይህን እያሰብኩ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ቤት ነዳኋት።

አባዬ የነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወጣ። መኪናዋን ዞራት፤ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረጋት። «ፕላስቲክ!» አለ፣ ዕቃ የተለወጠበት ሰው ይመስል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን ሲያይ ፊቱ ላይ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ያላየሁት ነገር መጣ።

«ማን ሊቀባት ነው?»

«ሰው እፈልጋለሁ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«በሕይወት እንድትኖር ነዋ!»

«አፍሽ! በዚች ቀን ማንን ታገኛለሽ? ስሚ፤ እጅ አንቺ አለሽ፣ አፍ እኔ አለኝ። አንቺ ትቀቢያለሽ፤ እኔ ውጭ ተቀምጬ አዝሻለሁ። ጋራዥ ውስጥ አይደል እንዴ ያደግሽው?»

ያለ ሃርድነር ይሁን ብዬ ለመንኩት። «ፕላስቲክ ላይ? በወሩ እንደ ሽንኩርት ይላጥልሻል፤ ያኔ ደግሞ በሁለታችንም ይስቁብናል» አለ። እውነቱን ነበር። እምቢ ብል ሰኞ ሥራዬን አጣለሁ፤ እሺ ብል ያ ጣሳ ቤታችን ውስጥ ይከፈታል። በሁለት ፍርሃት መሃል ተይዤ፣ የቅርቡን ፈራሁና እሺ አልኩ።

ቅዳሜ መልካም ቀን ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ብሎኖቹን ፈታን፤ ቦዲዋን ከፊትም ከኋላም አወለቅን። ሻንሲው፣ ባትሪዎቹ፣ ወንበሩና መሪው ብቻ ግቢው ውስጥ ቀሩ፤ ላባዋን የተነጨች ዶሮ መሰለች። ስንጥቁን በስቱኮ ሞላሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ አሸሁ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እየዳሰሰ «እዚህ ጋ ጉብታ አለሽ»፣ «እዚህ ጋ ተኝተሽ ነው ያሸሽው» እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። ጎበዝ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም። ጋራዡ ውስጥም እንዲያ ነበር፤ ከተሳሳትክ ይጮሃል፣ ካልተሳሳትክ ዝም ይላል። ሠራተኞቹ የእሱን ዝምታ እንደ ሽልማት ነበር የሚቆጥሩት።

የሃርድነሩን ጣሳ በላስቲክ ደራርቤ ጠቅልዬ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ አስቀመጥኩት። «ቦምብ ነው እንዴ ያሸከምሽኝ?» አለችኝ። «ለአባዬ ቦምብ ነው፣ እትዬ» አልኳት። ስቃ ከስፌት መኪናዋ ሥር ሸጎጠችው።

እሑድ ጠዋት የፊተኛውን ክፍል ባዶ አደረግን። ግድግዳውን በላስቲክ ሸፈንኩ፤ አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ውሃ አርከፈከፍኩ፤ ቦዲዋን ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ ሰቀልኳት። ኮምፕሬሰሩን ከጎሚስታው ተዋስን፤ የቀለም መርጫው የአባዬ የድሮ ዕቃ ነው። ጭሱን የሚያስወጣልን ትልቅ ማራገቢያ ደግሞ በኋላ በኩል ባለው መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ አሰርኩ። ደጋግሜ አየሁት። በኋላ መስኮትና በልብስ ሰፊዋ አጥር መካከል ሰው የማያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ሽታው እዚያ ወጥቶ ይበተናል። የአባዬን ወንበር ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከግቢው በር አጠገብ አስቀመጥኩ። ከዚያ የበለጠ ሩቅ ቦታ ግቢያችን ውስጥ የለም።

«ከዚህ ወንበር ከተነሳህ መርጫውን ጥዬ እወጣለሁ» አልኩት።

«እሺ እመቤቴ።»

«የምሬን ነው፣ አባዬ።»

«እሺ አልኩ እኮ! መድኃኒቴ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ጭንብሉን አንቺ አጥብቂ።»

የተስማማነው እንዲህ ነው፤ እሱ የመርጫውን ድምፅ ያዳምጣል። ከቦዲዋ ከራቅሁ አንዴ የግቢውን ቆርቆሮ በር በመፍቻ ይመታል፤ ከቀረብኩ ሁለቴ ይመታል። ደህና ከሆንኩ ዝም ይላል። የቀለም መርጫን በጆሮ ማረም ለሌላው ሰው ተረት ይመስለዋል። አባዬ ግን ጋራዡ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ እየተቀመጠ ነበር ሠራተኛ የሚያርመው።

ጣሳውን ከልብስ ሰፊዋ አምጥቼ፣ በሩን በላስቲክ ዘግቼ ገባሁ። ከፈትኩት። ያ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ በጭንብሉ ውስጥ እንኳ የሚመጣብኝ መሰለኝ፤ ልጅ ሆኜ አባዬ ማታ ሲያቅፈኝ የሚሸተው ሽታ ነው። አሁን ሲሸተኝ ጠላት ቤቴ የገባ ይመስለኛል። በጠበጥኩ፣ ሞላሁ፣ መርጫውን አነሳሁ።

የመጀመሪያው ዙር ደህና አለፈ። ቆርቆሮው ከሩቅ አልፎ አልፎ ተንኳኳ፤ ከኮምፕሬሰሩ ጩኸት ጋር በግድ ነው የሰማሁት። ቀለሙ እስኪጠነፍፍ ወጥቼ ከሩቅ አየሁት። ወንበሩ ላይ ነው፤ ትንፋሹ ደህና ነው፤ አንገቱ ሥር ያለችው ጎድጓዳ አልሰመጠችም። ፊቱ ግን ኩርፍ ብሏል።

«ድምፁ አይደርሰኝም!» ብሎ ጮኸ። «ኮምፕሬሰሩ ጆሮዬን በላው። እንደ ደንቆሮ ዳኛ ነው እኮ ያስቀመጥሽኝ!»

«በደረሰህ ልክ ይበቃናል። እዚያው ሁን!»

«ሁለተኛው ዙር እኮ ነው የሚታየው! እሱ ከተበላሸ ምን ዋጋ አለው?»

«አባዬ!»

እጁን አወናጨፈ። ተመልሼ ገባሁ።

ሁለተኛውን ዙር እንደጀመርኩ አንዴ አንኳኳ። ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ ጆሮው ተከፈተ ብዬ ቀረብ አልኩ። ቆየት ብሎ ሁለቴ መታ፤ ራቅ አልኩ። ድምፁ የቆርቆሮ ሳይሆን የግድግዳ መሆኑን ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ልቤ ግን ቀለሙ ላይ ነበርና አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ማንኳኳቱ ቆመ። ጎኑን ጨረስኩ፣ ኮፈኑ ላይ ደረስኩ፤ አሁንም ዝም። አባዬ ዝም አለ ማለት ደግ ነው ማለት ነው። ክንዴ በራሱ ይሄድ ጀመር። ቀለሙ ወተት ላይ እንደሚረጋ ቅባት ለጥ ብሎ ይተኛል። ከስንት ወራት በኋላ ፍርሃት የለቀቀኝ ያኔ ነው፤ ልክ ያኔ! በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም፤ ፈገግ እያልኩ ነበር እኮ የምቀባው።

ጨርሼ ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁ። ቤቱ ጭጭ አለ፤ ማራገቢያው ብቻ ይዞራል። ላስቲኩን ገልጬ «አባዬ፣ ጉድ ነው የሠራሁት!» እያልኩ ወጣሁ።

ወንበሩ የለም። መፍቻውም የለም።

የማራገቢያው ድምፅ በጆሮዬ ጎላ። ወንበሩ የት እንደሄደ እግሬ ከእኔ በፊት አወቀ፤ ቤቱን ዞሬ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ሮጥኩ። ወንበሩን ከኋላ መስኮት ሥር አድርጎታል። ድምፁ የሚደርሰው እዚያ ነዋ። ሽታውም። እሱ ከወንበሩ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወርዷል፤ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፏል፤ ማራገቢያው ቤት ውስጥ ያለውን መርዝ ሁሉ እየሰበሰበ አናቱ ላይ ያፈስበታል። ከሽታው ላርቀው ብዬ ያሰርኩት ማራገቢያ ነው። መድኃኒቱ እጁ ላይ ነው፤ ጣቱ ግን መጫን አቅቶታል።

ደረቱ ሲያፏጭ እሰማለሁ ብዬ ነበር። አንዳች ድምፅ የለም። ነርሷ «ሲያፏጭ አትፍሪ፤ ማፏጨቱን ሲያቆም ነው» ብላኝ ነበር። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ብብቱ ሥር ገብቼ ጎተትኩት፤ ወደ ግቢው ሳወጣው ደረቴ ላይ ለጥፌው ነው። ዓይኑ ይለምነኛል፤ በእጁ ይገፋኛል። ለምን እንደሚገፋኝ የገባኝ ቱታዬን ሳይ ነው፤ ከአንገት እስከ እግር በዚያው ቀለም ርሷል። አቅፌ እየገደልኩት ነበር! ጮኼ ለቀቅሁት፤ ቱታዬን እየቀደድኩ አወለቅሁ፤ ጓንቱን ወረወርኩ። መድኃኒቱን አፉ ውስጥ ከትቼ ነፋሁለት፤ አብዛኛው በከንፈሩ ተመልሶ ወጣ።

«የሰው ያለህ! ኧረ የሰው ያለህ!»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። አንዴ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ። እሑድ ነው፤ ታክሲ የሚገኘው ከትልቁ መንገድ ነው። ዞር ስትል ላባዋን የተነጨችውን መኪና አየች።

«ይህ ነገር ይሄዳል?»

«ይሄዳል፣ እትዬ! ከኋላ ሆነው ይያዙልኝ!»

ከኋላ በዱላ መጫኛው ላይ፣ ጀርባውን ለወንበሩ አስደግፈን አስቀመጥነው። የጎልፍ መኪና የተሠራው ለማይቸኩል ሰው ነው። ፍጥነቷን ፋብሪካው ለጉሞታል፤ ብትረግጣት ብትረግማት ለውጥ የለም። በካናቴራና በቁምጣ ሆኜ፣ ኮፈን የሌላት መኪና እየነዳሁ መንገዱን ስቆርጥ ሰው ቆሞ ይስቃል። አንዱ «እህት፣ ልብስሽን ለመኪናዋ፣ የመኪናዋን ለማን ሰጠሽ?» አለኝ። ጆሮዬ ከኋላዬ ነው። ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ ተንፍሱ! ተንፍሱ እንጂ፣ ምን ያስቸግራሉ!» ትለዋለች፤ የእሱ ድምፅ ግን የለም። ዞር ብዬ ላየው ፈራሁ። ካየሁትና ካለቀ ምን አደርጋለሁ?

ክሊኒኩ ከዳገት ላይ ነው። ግማሹ ላይ መኪናዋ ጣር ያዛት፤ ከሰው እርምጃ አነሰች። ዘልዬ ወረድኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይንዱ! እገፋለሁ!»

«እኔ? እኔ የማውቀው የስፌት መኪና ነው!»

«እንደዚያው ነው፤ ይርገጡት! የቀኙን!»

እሷ አንድ እጇን ወደ ኋላ ልካ የአባዬን አንገት አቅፋ፣ በሌላው መሪውን ጨምድዳ ረገጠች። እኔ ከኋላ በትከሻዬ ገፋሁ። ባትሪዎቹ ፊቴ ሥር ናቸው፤ የአባዬ እግር ከጎኔ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ነጠላ ጫማው አንዱ ወድቋል። እግሩን እያየሁ «አይዞህ አባዬ፣ አይዞህ» እላለሁ። ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም። የሳቀብን ሰውዬ መሳቁን አቁሞ ከጎኔ ገብቶ ሲገፋ ያየሁት ጫፍ ከደረስን በኋላ ነው።

ነርሷ ያችው ናት። ምንም አልጠየቀችም፤ ወስዳ በሩን ዘጋችብን። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን እየጠቀለለች ትፈታለች። እኔ በሩን አያለሁ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባለች።

በመጨረሻ ነርሷ ወጣች። «ደርሳችኋል» አለች። «ለጥቂት።»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነበር ያለቀስኩት፤ አላፈርኩም።

«ሽታውን የት ነው ያገኘው?» አለችኝ።

«ቤት። ቤት ውስጥ ቀብቼ።»

«ቀለሙ አሁንም ቤት ውስጥ ነው?»

«ተሰቅሏል። አልደረቀም።»

«ከዚህ ሲወጣ ወደዚያ ቤት ከገባ እዚህ ያደረግነው ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞ አንቺ» አለችና አንድ እርምጃ ራቀችኝ፤ «እንዲህ ሆነሽ አጠገቡ አትደርሺም። ፀጉርሽ ሙሉ ቀለም ነው።»

ልብስ ሰፊዋን ከእሱ ጋር ትቼ በእግሬ ተመለስኩ። የፊተኛውን ክፍል ስከፍት ብርሃኑ ከኋላዬ ገባና ቦዲዋ ላይ አረፈ። አረንጓዴው ጥልቅ ነው፤ አንድ እንባ የምታህል ፍሳሽ የለችበትም፣ አንዲት አቧራ የለችበትም። ፊቴን አየሁበት። አባዬ ቢያየው ዝም ይል ነበር። እስከ ነገ ጠዋት ሳይነኩት ቢቆይ ሰኞ ከእህቶቿ ጋር ትሰለፍ ነበር። ግን በቆየ ቁጥር ሽታው ጣሪያው ውስጥ፣ መጋረጃው ውስጥ፣ የአባዬ ፍራሽ ውስጥ ይገባል። ውጭ ደግሞ ነፋሱ የመንገዱን አቧራ ያነሳል።

ጭንብሉን አጥልቄ ገመዱን ቆረጥኩት። እርጥቡን ቦዲ በሁለት ክንዴ አቅፌ፣ በሩ እየፋቀው፣ ጣቶቼ እየሰመጡበት አወጣሁት። ከመንገዱ ማዶ ባዶው ሜዳ ላይ ጣልኩት። አፍታ ሳይቆይ አቧራና ገለባ ለብሶ ቆዳው ሻከረ። ቆሜ አላየሁትም። ላስቲኩን ገነጣጠልኩ፤ መጋረጃውን፣ ፍራሹን፣ ልብሱን አወጣሁ፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትኩ፤ ወለሉን አጠብኩ። ከዚያ ለኃላፊው ደወልኩ።

«አለቀች?» አለኝ።

«ክሊኒክ በር ላይ ናት፤ ራቁቷን» አልኩትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ እስኪናገርም አልጠበቅሁም።

ፀጉሬን በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩ፤ ደግሜ አጠብኩ። ያልታጠበው ሲያስፈራኝ ጊዜ በመቀስ ቆረጥኩት። እጄን እስኪላጥ ፈተግሁ። የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ከገመዷ ላይ አንስቼ ለበስኩ፤ የእኔ ልብስ ሁሉ ከዚያ ቤት የወጣ ነው።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነርሷን አገኘኋት። «ሲስተር» አልኳት፣ «እባክሽ አሽትቺኝ።»

የቀለድኩ መሰላት። ፊቴን ስታይ ግን የያዘችውን አስቀመጠች። ወደ አናቴ ጎንበስ አለች፤ አንገቴን አሸተተች፤ መዳፌን ገልብጣ አሸተተች። እስክትጨርስ ድረስ እኔ አልተነፈስኩም።

«ሳሙና ነው» አለች። «ግቢ።»

አባዬ ኦክስጅኑን አፍንጫው ላይ አድርጎ ተኝቷል። ሲያየኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣና ዘረጋልኝ። ዞር ብዬ ነርሷን አየኋት። «ግቢ አልኩ እኮ» አለች። ገባሁ፤ ግን ሽታው ያልለቀቃቸው እየመሰለኝ እጆቼን ከኋላዬ ደብቄ ከአልጋው እግርጌ ቆምኩ። እሱ እጁን እንደዘረጋ ነው። እኔም እዚያው እንደቆምኩ ነው።